20 ሊትር ላርጎ (ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና) ቤት ውስጥ ለመሥራት ልኩ ስንት ነው?

የደሴዋ፦ ለጎረቤትና ለቁርስ ቤቶች የሚሸጥ ነው። የእያንዳንዱ ልክ ስንት ነው? የሚቀጥነውስ ለምንድነው?

ቀማሚ፦ ላብሳ (የሳሙናው መነሻ የሆነ አሲድ) 2 ኪሎ፣ ኮስቲክ ሶዳ (አሲዱን የሚያበርድ) 250 ግራም፣ ቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጥ ወፍራም ዝልግልግ) 1 ኪሎ፣ ውሃ 16 ሊትር ያህል። ኮስቲኩን በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አሟሚና እስኪበርድ ተዪው። ኮስቲክ ነው ወደ ውሃ የሚጨመረው፤ ውሃ ከላዩ ከተደፋ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። አሉሚኒየም ድስት ስለሚበላ ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን። ላብሳውን በቀሪው ውሃ በጥብጠሽ ኮስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። 200 ግራም ያህሉ ከገባ በኋላ በፒኤች ወረቀት (አሲድነትን በቀለም የሚያሳይ) እየለካሽ 7 ወይም 8 ላይ አቁሚ። የላብሳው ጥራት ስለሚለያይ ሚዛኑን ብቻ አትመኚ፤ የተረፈ ኮስቲክ እጅ ይልጣል። ቴክሳፖኑ በደሴ ብርድ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ለብ ባለ ውሃ ለብቻው ይሟሟና ይቀላቀል።

ወሎዬው፦ ቅጥነቱ የጨው ነገር ነው እህቴ። ጨው እስከ አንድ ልክ ያወፍራል፤ ካለፈ መልሶ ያቀጥነዋል፣ ያኔ ደግሞ ጨው መጨመር ማባባስ ነው። ጨውን በውሃ አሟምተሽ በማንኪያ እያማሰልሽ ጨምሪ። ደሴ ላይ የወፈረ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ይቀጥናል፤ እዚያ የምትሸጪ ከሆነ ጥቂቱን ለብ አድርገሽ ፈትሺው።

ኮምቦልቻ፦ አረፋው ሳይወርድ አትቅጂ፣ ሌሊቱን ይደር፤ አለዚያ በማግስቱ ጠርሙሱ ጎድሎ ይገኛል። በሃይላንድ ከሞላሽ ወረቀት ለጥፊበት፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።