ክዳኑ አልይዝ አለኝ

የምኖረው ደሴ ነው። ሰሞኑን ቲማቲም ሲረክስ ከቆቦ የመጣ አንድ ሳጥን ገዛሁ። ስጎ ሠርቼ ለጾም ላቆየው አስቤ ነበር።

ያጠራቀምኳቸው 9 የማርማላታና የማዮኔዝ ጠርሙሶች አሉኝ። ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ ዙሪያውን ስስ ጎማ አለው። አጥቤ ቀቀልኳቸው። ስጎውን ያለ ሽንኩርትና ያለ ዘይት ሠርቼ በትኩሱ ሞላሁ። ለየግማሽ ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨመርኩ። ድስቱ ሥር ጨርቅ አንጥፌ፣ ውሃው ጠርሙሶቹን እስኪሸፍን ሞልቼ 40 ደቂቃ አፈላኋቸው።

አንዱ ሥሩ ተሰነጠቀ። እሱስ ይሁን። ሲቀዘቅዙ የ4ቱ ክዳን መሀሉ ወደ ውስጥ ገባ። የቀሩት 4 ግን በጣት ስጫናቸው ቋ ቋ ይላሉ። አንዱን በሳምንቱ ስከፍተው አረፋ ደፍቆ ጠላ ጠላ ሸተተኝ፤ ሳልቀምስ ደፋሁት። እናቴማ «ቀድሞውንም ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ምን ነበረበት?» እያለች ትስቅብኛለች።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ክዳኖቹም አንዴ የተከፈቱ ናቸው። ይህን የሞከራችሁ፣ ክዳኑ ያልያዘልኝ ጎማው ስላረጀ ነው ወይስ አፈላሉ ስላነሰው?