«ቁርጠኞች ነን» ሲል ኩባንያው ለማን ምን አለ? የኢኤስጂ ቃላት በአማርኛ

ወለላ
ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። አንድ የአበባ እርሻ ድርጅት ለአውሮፓ ገዢዎቹ ያዘጋጀውን የኢኤስጂ (የአካባቢ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር ጉዳዮች የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል) የአቋም መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አማርኛው በእርሻው ግቢ ተለጥፎ ሠራተኛው ያነበዋል ተብሏል። ርዕሱን በለመድነው መንገድ ብመልሰው «ለአካባቢ፣ ለማኅበራዊና ለአስተዳደር ኃላፊነት ያለን ቁርጠኝነት» ይሆናል። ሰዋስዉ ደህና ነው። ነገር ግን ደጋግሜ ሳነበው ማን ለማን ምን እንደሰጠ አይታየኝም። «ቁርጠኝነት» እና «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ላይ እጄ ተይዟል፤ እስቲ ቃል በቃል እንየው።

ጥራዝ
ወለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ቁርጠኝነት» ከ«ቆረጠ» የመጣ ነው። «ቆርጦ ተነሣ»፣ «ቁርጥ ሐሳብ»፣ «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን። ሁሉም አንድ ሰው በልቡ የጨረሰውን ውሳኔ ያመለክታሉ። ቁርጠኛ የምንለው ሐሳቡን ቶሎ የማይለውጠውን ሰው ነው። የሚያስመሰግን ባሕርይ ነው፤ ግን ባሕርይ ነው። ባለቤት እንጂ ተቀባይ የለውም። «ቁርጠኛ ነኝ ብለህ ነበርና አምጣ» ተብሎ ማንም አይጠየቅም።

«ቃል ገባ» ከዚህ ይለያል። ቃል የሚገባው ለሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ይጠብቃል። ያልፈጸመውን «ቃሉን አጠፈ»፣ ሲብስም «ቃለ አባይ» እንለዋለን። ቁርጠኝነቱን ላልፈጸመ ሰው እንዲህ ያለ ስድብ አማርኛ አላበጀም። በኔ ግምት የኩባንያ ጽሑፎች «ቁርጠኝነት»ን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ድምፁ ጠንካራ ነው፣ የሚያስጠይቀው ነገር ግን የለም።

ዋርካው
ልጆቼ፣ በሕግ ማርቀቅ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝና ከዚያው በኩል ልጨምር። ከ«ቁርጠኝነት» እና ከ«ቃል መግባት» በላይ ሦስተኛ አለ፤ «ግዴታ»። ሕገ መንግሥቱን ተመልከቱ። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። አንቀጽ 92 ደግሞ መንግሥትም ዜጎችም አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። መብት ካለ አንጻሩ ግዴታ ነው፤ «ቁርጠኝነት» የመብት አንጻር ሆኖ አያውቅም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። አካባቢን የሚጎዳ ድርጊት ያየ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ የአበባ እርሻው ፍሳሹን አጣርቶ መልቀቁ በፈቃዱ የቸረው ነገር አይደለም። ወለላ፣ በመግለጫው ውስጥ ሕግ ያዘዘውንና ድርጅቱ ከሕግ በላይ ልጨምር ያለውን ለይተሽ ጻፊ። የመጀመሪያው «ግዴታ አለብን» ነው፣ ሁለተኛው «ቃል እንገባለን» ነው። ሁለቱም በ«ቁርጠኞች ነን» ሲጠቀለሉ ሕግ ማክበር ራሱ ልግስና ይመስላል።

«ኃላፊነት»ንም አንድ ነገር ልበል። ፊደሉ ሲያከራክር ይኖራል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት» ብሎ በ«አ» ነው የጻፈው። እዚያ አላፊ ማለት ላደረሰው ጉዳት ካሣ የሚከፍል ነው። ዛሬ «ኃላፊ» ስንል ቢሮ ያለው ሹም ይታየናል። ቃሉ ከካሣ ወደ ወንበር ተዛውሯል ማለት ነው።

የባቱ ልጅ
ስለ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» እኔ ልመልስ፤ በአበባ እርሻ ሠርቻለሁና ጉዳዩ ቅርቤ ነው።

በዜና የምንሰማው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ድርጅቱ ማኅበራዊ ኃላፊነቱን ለመወጣት ለእገሌ ትምህርት ቤት ድጋፍ አደረገ»። «ተወጣ» የሚለውን ግሥ ልብ በሉ። ዕዳ እንወጣለን፣ ፈተና እንወጣለን፣ ችግር እንወጣለን፤ ወጥተን የምንገላገለው ነገር ነው። ወንበርና ደብተር ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ኃላፊነቱ ተወጣ። ትምህርት ቤቱ መረዳቱ መልካም ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን በኢኤስጂ ውስጥ «ማኅበራዊ» የተባለው ከሁሉ በፊት በግቢው ውስጥ ያለው ሰው ነው፦ ደመወዙ፣ ጤናው፣ በማኅበር የመደራጀት መብቱ፣ ሴቷ ከትንኮሳ መጠበቋ።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግሪንሃውስ ውስጥ የፀረ ተባይ ርጭት ከተካሄደ በኋላ በሩ ላይ ምልክት ይሰቀላል፤ ምን እንደተረጨ፣ በስንት ሰዓት እንደተረጨ፣ መቼ መግባት እንደሚቻል ተጽፎበታል። ያ ሰዓት ሳይደርስ ለቀማ የለም። እንግዲህ ጥር ሲያልቅ አስቡት። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ቀርቧል፣ የጽጌረዳ ትዕዛዝ ከላይ ይጎርፋል፣ ሱፐርቫይዘሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በዚያች ሰዓት መግባትና አለመግባቱን የሚወስነው ምንድን ነው? ሠራተኛዋ «ሰዓቱ አልደረሰም፣ አልገባም» ብትል ከደመወዟ እንደማይቆረጥ የሚያረጋግጥ ወረቀት ካለ፣ ማኅበራዊ ኃላፊነት ያ ነው። ወለላ፣ መግለጫው ስለዚህ የሚለው ነገር አለው ወይ?

ወለላ
ወንድሜ የባቱ ልጅ፣ አለው፤ በሦስተኛው ገጽ «የሠራተኞቻችን ደኅንነት ቀዳሚ ትኩረታችን ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ የለም።

የባቱ ልጅ
«ቀዳሚ ትኩረት» እንግዲህ ሌላው «ቁርጠኝነት» ነው። ትኩረት ዓይን ነው፤ እጅ አይደለም።

ጥራዝ
«አካባቢ»ም ያለ ችግር አይደለም። ከ«ከበበ» የወጣ ነው፣ የከበበን ሁሉ ማለት ነው፤ «ከባቢ አየር» የዚያው ዘመድ ነው። ግን በዕለት ንግግር «አካባቢ» ሰፈር ነው፦ «የአካባቢው ነዋሪ»፣ «የአካባቢ ምርጫ»። «የአካባቢ ኃላፊነት» ያለ አንባቢ የመንደር ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። «አካባቢን የመጠበቅ ኃላፊነት» ተብሎ ግሡ ይግባ። ከዚያም በላይ በስሙ ይጠራ። በባቱ ዙሪያ ከሆነ «የደንበል ሐይቅ ውኃ» ይባል። የሚቀዳው ውኃ መጠን፣ የሚለቀቀው ፍሳሽ፣ ፍሳሹን የሚያጠራው ሸምበቆና ፊላ የተተከለበት ኩሬ አለ ወይስ የለም፤ እነዚህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ ቃላት አሏቸው።

ዋርካው
«አስተዳደር» ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። «አስተዳደር» ሲባል የኛ ሰው የከተማ አስተዳደር ያስባል። «መልካም አስተዳደር» ቢባል በቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት የሚጉላላው ባለጉዳይ ይታየዋል። በኢኤስጂ ግን የተፈለገው የኩባንያው የውስጥ አገዛዝ ነው፦ ቦርዱ ውስጥ ማን ይቀመጣል፣ ሥራ አስኪያጁን ማን ይጠይቀዋል፣ ሒሳቡን ማን ይመረምራል፣ ጉቦ ቢጠየቅ ምን ይደረጋል፣ ዘመዱን በጨረታ ያስገባ ሰው ምን ይጠብቀዋል። እኔ «የኩባንያ አመራርና ቁጥጥር» ብዬ እመልሰዋለሁ። «ቁጥጥር» የሚለው ካልገባበት አለቅነት ብቻ ይመስላል።

ከዚሁ ጋር «ጠቋሚ» የሚለውን አስቡበት። በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ ይላል፤ የሕጉ ቃል ይኸው ነው። በሰዉ አፍ ግን ጠቋሚ ከጆሮ ጠቢ እምብዛም አይርቅም። የአለቃውን ስርቆት የተናገረን ሠራተኛ በጆሮ ጠቢ ስም መጥራት ግፍ ነው። መግለጫው ስለ ጥቆማ የሚናገር ከሆነ ሰውየውን ትተሽ ድርጊቱን ጥሪ፦ «ጥፋት አይቶ የተናገረ ሠራተኛ በመናገሩ አይባረርም፣ ከቦታው አይነሣም»።

ጥራዝ
ጋሽ ዋርካው፣ ይህ ለኔም ትምህርት ነው። አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ ኩባንያዎች ሳይሠሩ አረንጓዴ ነን የሚሉትን ምን እንበለው? «የይስሙላ» አለን፣ «ለታይታ» አለን፣ «ከአንገት በላይ» አለን። እኔ ግን «አረንጓዴ ቅብ» ቢባል እወዳለሁ። ወርቅ ቅብ ጌጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ላዩ ወርቅ፣ ውስጡ ሌላ።

ዋርካው
«አረንጓዴ ቅብ» ተስማምቶኛል። «የይስሙላ» ሰፋ ያለ ነው፤ ለምርጫም ለስብሰባም ይሆናል። «ከአንገት በላይ» ደግሞ ለፍቅርና ለይቅርታ እንጂ ለፋብሪካ አይመቸኝም።

የባቱ ልጅ
እኔም እስማማለሁ፤ ግን ሁሉም ቅብ እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር የአሠራር ደንብ አለው፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ተብሎ በደረጃ የተከፈለ ነው። መርማሪ መጥቶ የኬሚካል መጋዘኑን ያያል፣ የጓንቱንና የጭንብሉን መዝገብ ይጠይቃል፣ ሠራተኛውን ለብቻው ያነጋግራል። እዚያ የተጻፈው «ይኖራል»፣ «ይመዘገባል»፣ «አይገባም» በሚሉ ግሦች ነው። ወለላ፣ መግለጫውን ስትመልሺ ያንን ቋንቋ ብትወስጂ ሠራተኛው ወዲያው ያውቀዋል፤ በየቀኑ የሚሰማው ነውና።

ወለላ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን ያወጣሁት ይህ ነው፤ የሚያርም ያርመኝ።

ርዕስ፦ «አካባቢን ስለ መጠበቅ፣ ስለ ሠራተኞቻችንና ስለ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም ስለ ኩባንያው አመራርና ቁጥጥር የገባነው ቃል»።

ከሥሩ፦ «ሕግ ያዘዘንን እንፈጽማለን፤ ይህ ግዴታችን ነው። ከዚያ በላይ የሚከተሉትን ቃል እንገባለን።»

ስለ ርጭቱ ድርጅቱን ሳላስፈቅድ መጨመር አልችልም፤ ተርጓሚ ነኝ። ግን «ቀዳሚ ትኩረታችን ነው» የሚለው በአማርኛ ምንም እንደማያስጨብጥ ገልጬ፣ የመግቢያ ሰዓቱን የሚመለከት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛውም እንዲገባ ጠይቄ ጽፌላቸዋለሁ።

ዋርካው
ርዕሱ ረዝሟል፤ ቢሆንም ይኑር። «ጎረቤቶቻችን» ያልሽው ከ«ማኅበረሰቡ» ይሻላል፤ ከአጥሩ ማዶ ከዚያው ሐይቅ የሚጠጣው ሰው ራሱን ያገኝበታል። «የገባነው ቃል» ካልሽ ግን መቼ እንደሚፈጸም ቀን ይጻፍበት፤ አለዚያ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚይዝ ነገር የለውም።