ፓላዲየም ይቅር ወይስ ይቆይ? (የግሩፕ ክርክር)

ጠያቂ፦ የደም ግፊት ክኒኑን ሎሳርታንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለት የካርቦን ቀለበቶቹን ለማጋጠም የሱዙኪ ዘዴ ይሠራበታል። ካታሊስቱ (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፈጥነው) ፓላዲየም ነው። ዘዴው በ2010 ኖቤል አሸልሟል፤ ማዕድኑ ግን ውድ ነው፣ አብዛኛውም ከሩሲያና ከደቡብ አፍሪካ ነው የሚወጣው። የምርምር ገንዘቡ ወደ ብረትና ኒኬል ይዙር?

ተማሪው፦ ይዙር እንጂ! ብረት እንደ አፈር ነው። የማዳበሪያው አሞኒያ እንኳ ከ1913 ጀምሮ በብረት ካታሊስት ነው የሚመረተው። ደግሞ በሚዋጥ መድኃኒት ውስጥ የሚቀረው ፓላዲየም በቀን ከ100 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም። ማጣራቱ ራሱ ሌላ ወጪ ነው።

ከፋብሪካ፦ ወንድሜ፣ ርካሹ ሲደመር ይወደዳል። ፓላዲየም በደንብ ከተያዘ አንዷ አቶም ሺህ ጊዜ ትመላለሳለች። ኒኬል ግን ብዙ ጊዜ በርከት አድርገህ ካልጨመርክ አይሄድልህም። አብሮት የሚገባው ሊጋንድ (ማዕድኑን የሚይዘው ሞለኪውል) በዋጋ ከማዕድኑ ይብሳል። እኔ የለመድኩት የኒኬል ውህድ አየር አይወድም፤ አርጎን (ከሌላ ነገር ጋር የማይዋሃድ ጋዝ) በተሞላ ሳጥን ውስጥ በወፍራም ጓንት እየዳበስክ ነው የምትመዝነው። አንዴ ክዳኑ ላልቶ፣ ጠዋት ስገባ ቢጫው ዱቄት ጠቁሮ ጠበቀኝ።

ተማሪው፦ አየር የማይፈራው ኒኬል እኮ ከተሠራ ቆየ።

ኬሚስቷ፦ ዋጋውን ተዉትና፣ ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ በምን አወቃችሁ? በ2003 ሱዙኪን ያለ ምንም ማዕድን ሠራን ያሉ ነበሩ። ብዙዎች ጉድ አሉ። በ2005 ራሳቸው ሲፈትሹት፣ ከገበያ የተገዛው ሶዲየም ካርቦኔት ውስጥ ከቢሊዮን 50 ክፍል ፓላዲየም ተገኘ። ለሥራው ያቺ ቅንጣት በቂ ነበረች! በ2009 ደግሞ የብረት ተራ ደረሰ። በብረት ክሎራይድ ይሠራሉ ከተባሉት አንዳንዶቹ ሪአክሽኖች፣ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የተደበቀ ጥቂት መዳብ ሆኖ ተገኘ። ጠርሙሱ ሲቀየር ውጤቱም ይቀየር ነበር። ብረትን አልጠላሁም፣ እውነተኛ የብረት ካታሊስቶች አሉ። ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ለፍተሻ ይዋል። ተማሪው፣ አንተ የምትሞክርበት ብረት ክሎራይድ ስንት በመቶ ንጹህ ነው?

ተማሪው፦ ጠርሙሱ 98 ይላል።

ኬሚስቷ፦ በል 99.99ኙን አስመጥተህ ድገመው። የምታማስልባትንም ማግኔት ቀይራት፤ ጭረቷ ውስጥ የድሮ ፓላዲየም ይደበቃል። ውጤትህ ካልተነቃነቀ ካንተ ጋር ነኝ።

ተማሪው፦ ማግኔቷን ዛሬውኑ። ለ99.99ኙ ግን ዶላሩን ማን ይሰጠኛል?