ወይን ስጠጣ አስሜ ይነሳል፣ ጠላ ላይ ግን ብዙም አይደለም። ለምን ይሆን?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ ወልድያዎች። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ባለፈው ኮምቦልቻ የዘመድ ሠርግ ላይ ቀይ ወይን ቀዱልኝ። ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አልጨረስኩም፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴ ጋለ፣ አፍንጫዬ ድፍን አለ፣ ከዚያ ደረቴ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ከድንኳኑ ወጥቼ የአስም ፓፌን፣ ሳልቡታሞሌን፣ ሁለቴ ሳብኩና ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ሰው ሁሉ የሰከርኩ መስሎታል። ጠላ ግን አንድ ጣሳ ብጠጣ አፍንጫዬ ትንሽ ይዘጋል እንጂ ደረቴን አያፍነኝም። እናቴ ብርድ ነው ባይ ናት። ጥር ላይ ወንድሜ ያገባል፣ ሚዜ ነኝ። ጭራሽ ልተው ወይስ ወይኑን ብቻ?

የወልድያዋ ጠማቂ፦
አብሽር ወንድም ዓለም። እኔም አስም አለብኝ፣ ጠላ ደግሞ እጠምቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠላው አይስማማኝም እያልኩ ኖሬ ለካ ጠላው አልነበረም። ጋኑን በወይራ ጢስ ሳጥን ነበር የሚነሳብኝ። ጎንበስ ብዬ አፉን ስከድን ጢሱ ፊቴ ላይ ይመጣል፣ ማታ ታፍኜ አድራለሁ። አሁን እህቴ ደጅ አውጥታ ታጥንልኛለች፣ እኔ ጌሾና ብቅሉን ብቻ ነው የምይዘው፣ ደህና ነኝ። አንተም ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደነበር አስብ እስቲ፣ ዕጣን አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ከጓሮ የማገዶ ጢስ አለ።

ቦርከና፦
ፋርማሲ ነው የምሠራው። ጢሱ እውነት ነው፣ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመጣው ከወይኑ ይመስለኛል። ወይን እንዳይበላሽ ሰልፋይት ይጨመርበታል፣ አስም ያለበትን ሰው ደረት የሚያጠብበው አንዱ እሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብብ። ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዩ ይበልጣል። ቀዩ ደግሞ ሂስታሚን ይበዛበታል፣ ፊት የሚያግለውና አፍንጫ የሚዘጋው ነገር። ቤት የተጠመቀ ጠላ ላይ ማንም ሰልፋይት አይጨምርም፣ ግን ሲብላላ ሂስታሚን ይፈጠራል፣ የብቅሉ እህልም አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ። ጠጅም ማር ስለሆነ የአበባ ብናኝ አለበት። የቤት ነው ብለህ አትመን ለማለት ነው። ክሎርፌኒራሚን (የአለርጂ ኪኒን) ውጬ እጠጣለሁ እንዳትል ደግሞ፣ ከአልኮል ጋር ያደነዝዛል፣ ደረትህንም አይከፍትም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ስትወስድ እንዴት ነህ? ሽታስ ይሰማሃል?

ጦሳ ስር፦
እንዴት አወቅህ? አምና ጥርሴን አሞኝ አይቡፕሮፌን ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ታፍኜ አደርኩ፣ ያኔ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። ሽታ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናቴ አሻሮ ስትቆላ ጎረቤት ሁሉ ሸተተን ይላል፣ እኔ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል እንጂ ምንም አይሸተኝም።

ቦርከና፦
በል እነዚህን መድኃኒቶች ዛሬውኑ አቁም፣ ዲክሎፌናክንም ጨምር። ሕመም ካለህ ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፣ እሱንም ሐኪምህን አማክረህ። አስም ሆኖ አስፕሪንና ዘመዶቹን የማይቀበል ዓይነት አለ። አፍንጫ ውስጥ እባጭ ይወጣል፣ ሽታ ይጠፋል፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች ደግሞ አልኮል ሲጠጡ አፍንጫቸው ይዘጋል ወይም ደረታቸው ያፏጫል፣ ወይንም ቢሆን ቢራም ቢሆን። የጠላው ነገር እዚህ ላይ ይገጥማል። ነው ብዬ መወሰን አልችልም፣ ግን አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድና ይህን የነገርከንን ሁሉ ሳታስቀር ንገረው። እስከዚያ ምንም አትጠጣ፣ ቤት ቁጭ ብለህ የቱ እንደሚስማማህ ልሞክር አትበል። ከንፈርህ ካበጠ፣ ሰውነትህ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ወይ ፓፉ አልረዳ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተህ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ስለ ሚዜው አትጨነቅ። ወሎ ውስጥ እኮ ነው ያለኸው፣ የሠርጉ እድምተኛ ግማሹ ሙስሊም ነው፣ የማይጠጣ ሰው ብርቅ አይደለም። እኔ በክርስቲያን ጓደኞቼ ሠርግ ስንቴ ሚዜ ሆኛለሁ፣ ውሃዬን ይዤ እስኪነጋ ጨፍሬያለሁ፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቅሪቦ ያቀርቡልህ ይሆናል፣ እሱም የገብስና የእርሾ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቅ።

ጦሳ ስር፦
አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። ሰኞ ወረፋ ይዣለሁ። ለወንድሜም ሁሉን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ሁለተኛ ፓፍ ግዛ፣ የእኔ ሱፍ ኪስ ውስጥ ይሆናል» አለኝ።