ለወንዝ ዓሣ ማጥመጃ፣ በዋጋው የማይጎዳ ሪል የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ከልጄ ጋር ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዓሣ ማጥመድ ልንጀምር ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሱቅ ገብቼ ሪሎቹን (ዘንጉ ላይ የሚታሰሩትን የክር መጠምጠሚያዎች) ሳይ የአንዱ ዋጋ 20 ዶላር፣ የሌላው 300 ዶላር! ሻጩ ደግሞ «ይሄኛው 12 ኩሽኔታ አለው» እያለ አንዱን ሊያስይዘኝ ነበር። ለሪሉ ከ60 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም። የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ብትመክሩኝ።

መልስ፦ ከአሌክሳንድርያ

ወንድሜ፣ 60 ዶላር ይበቃሃል፤ ይተርፍሃልም። ሪሉን ከ30 እስከ 45 ዶላር ባሉት ውስጥ ፈልግና የቀረውን ለጥሩ ክር አውለው። ሺማኖ ሲየና በዚህ ዋጋ አካባቢ ይገኛል። ትንሽ ጨመር ካደረግህ (ከ60 ዶላርህ ሊያልፍ ይችላል) ሺማኖ ሴዶና ወይም ፍሉገር ፕሬዚደንት ትይዛለህ። እነዚህን ብዙ ሰው ለዓመታት ይሠራባቸዋል።

የኩሽኔታውን ቁጥር እርሳው። ጥሩ ኩሽኔታ ዋጋ አለው። በ20 ዶላር ሪል ውስጥ 12 ከተደረደረ፣ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ደግሞ ከማርሹና ከድራጉ (ክሩን ከሚቆጣጠረው ፍሬን) ነው። በደንብ የተሠሩ ሦስት አራት ኩሽኔታዎች ያሉት ሪል ይሻልሃል።

አንተ ማየት ያለብህ ድራጉን ነው። ዓሣው ሲስብ ክሩ እንዳይበጠስ ስፑሉ (ክሩ የተጠመጠመበት ከበሮ) እየተንሸራተተ ክር ይለቃል። ምን ያህል እንደሚለቅ የምትወስነው ፊት ለፊት ባለችው መዘውር ነው። ልክ እንደ መኪና ፍሬን ለስላሳ መሆን አለበት፤ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ክሩ በዚያች ቅጽበት ይበጠሳል። ፖቶማክ ላይ በሚያዝያ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ላይ ይወጣል። አፉ በጣም ስስ ነው። ድራጉ ከደረቀብህ መንጠቆው አፉን ቀድዶ ይወጣል። በነገራችን ላይ ሻድ ማስቀረት ክልክል ነው፤ ወዲያው መልሳችሁ ልቀቁት።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትነው። መዘውሯን ትንሽ አጥብቅና ስፑሉን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። ሳይቆራረጥ መዞር አለበት። ቀጥሎ እጀታውን ወደፊት አዙርና ድንገት ወደ ኋላ ሞክር። እዚያው ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፤ ወደ ኋላ ከተጫወተ ተወው። ከስፑሉ ፊት ያለውን፣ ክሩን የሚይዘውን ቅስት ሽቦ ደግሞ ክፈትና ዝጋ። ሳይንገራገጭ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት።

መጠኑን በተመለከተ 2500 የሚል የተጻፈበትን ግዛ። ፍሉገር ላይ ለዚህ የሚቀርበው 30 የሚለው ነው፤ የየፋብሪካው ቁጥር አንድ አይደለም። የሺማኖ 2500 ባለ 8 ፓውንድ (እስከ 8 ፓውንድ ጉተታ የሚችል) ሞኖ፣ ማለትም ነጠላ የናይለን ክር፣ ወደ 140 ያርድ ይይዛል። ስሞልማውዝ ባስ ለሚባለው የወንዝ ዓሣ፣ ለሻድና ለትንንሽ አምባዛ ከበቂ በላይ ነው። ለልጅ እጅም አይከብድም። ብሉ ካትፊሽ የሚባለውን ትልቁን የአምባዛ ዘመድ ካሰብክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፖቶማክ ውስጥ ከ50 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ይወጣል። ለእሱ 4000 ወይም 5000 ሪል፣ ጠንካራ ዘንግና ባለ 20 ፓውንድ ክር ያስፈልጋል። ያንን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው። አንድ ሪል ለሁሉም እንዲሆን ብለህ መሀከለኛውን ብትገዛ ለትንሹ ዓሣ ይከብድሃል፤ ለትልቁ ደግሞ አይበቃህም።

ሳጥኑ ላይ 5.2:1 ወይም 6.2:1 የሚል ታያለህ። እጀታውን አንዴ ስታዞር ክሩን የሚጠመጥመው ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው የሚነግርህ። ወንዝ ላይ ወደ ላይ ስትወረውር ውኃው ማባበያውን ወደ አንተ ይዞት ይመጣል። ክሩ እንዳይላላብህ ፈጠን ብለህ መጠምጠም አለብህ። ስለዚህ እኔ 6 አካባቢ ያለውን እመርጣለሁ። 5.2ም ቢሆን አያስቸግርህም፤ እጅህን ትንሽ ማፍጠን ነው።

አሁን ክሩ። ብዙ ጀማሪ ሪሉን የሚያማርረው ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚተበተብበት ነው። ሪሉ ግን ምንም አላደረገም። ስፑሉን እስከ አፉ አትሙላው፤ ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አጉድል። ወርውረህ ስትጨርስ ሽቦውን በእጅህ ዝጋው እንጂ እጀታውን አዙረህ አትዝጋ። ዓሣው ክር እየሳበ ድራጉ ሲጮህ ደግሞ በፍጹም አትጠምጥም። ያኔ በእያንዳንዱ ዙር ክሩን እየጠመዘዝከው ነው። ይህን ለልጅህ ከመጀመሪያው ቀን አስተምረው። ሕጻናት ሪሉ ሲጮህ ይደነግጡና እጀታውን ያጣድፉታል።

ድራጉን ለማስተካከል የሻንጣ ሚዛን ውሰድ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ቤት መቼም አይጠፋም። የክሩን ጫፍ ሚዛኑ ላይ እሰርና ልጅህ ሚዛኑን ይዞ ይሳብ፤ አንተ ዘንጉን ያዝ። ባለ 8 ፓውንድ ክር ከሆነ ሚዛኑ 2 ፓውንድ አካባቢ ሲያሳይ ስፑሉ መንሸራተት መጀመር አለበት። የክሩ ሩብ ማለት ነው። ስትጨርሱ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት መዘውሯን አላላት፤ ተጨቁና ከከረመች ለስላሳነቷን ታጣለች።

ተጨማሪ፦ ከሃያትስቪል

ወንድሞቼ፣ ስለ ሪሉ ጥሩ ተብሏል። እኔ ስለ ወንዙ ልጨምር፤ ልጅ ይዞ ስለሚሄድ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከግሬት ፎልስ እስከ ቼይን ብሪጅ ያለው ውኃ ላዩ ጸጥ ቢልም ከሥሩ ይጎትታል። ብዙ ሰው ወስዷል። ለጀማሪ ፍሌቸርስ ኮቭ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ልጁ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ፍሌቸርስ ኮቭ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ስለሆነ የሜሪላንድ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ቢኖርህም የዲሲ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ልጅህ 16 ስላልሞላው አያስፈልገውም። ዓሣውን ልትበሉት ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ የዲሲን ወይም የሜሪላንድን የአመጋገብ ማስጠንቀቂያ አንብቡ። ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል በዓሣው ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ትልቅና ያረጀ ዓሣ ብዙ ይይዛል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ጥንቃቄው የበለጠ ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። እህቴ፣ ጃኬቱን ዛሬውኑ እገዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ልጄ ግራኝ ነው። ለግራኝ የተለየ ሪል አለ?

መልስ፦ ከአሌክሳንድርያ

አያስፈልገውም። እነዚህ ሪሎች እጀታቸው በሁለቱም በኩል ይገባል። እንደ ሞዴሉ በሌላው ጎን ያለውን ክዳን ወይም ብሎን ፈትተህ እጀታውን ታዛውራለህ። ግራኝ ከሆነ ዘንጉን በግራው ይዞ በቀኙ ይጠምጥም፤ ሲወረውርም በግራው ነው። ፈቃድህ ደግሞ በኢንተርኔት ይወጣል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክህ ላይ አስቀምጠው።