ለነገ ጠዋት ተያዥ ከየት ላምጣ?

ብሩኬ፦ ሰላም ቤቶች፣ ቶሎ መልሱልኝ። ጀሞ አንድ ክፍል አግኝቼ ነበር። አከራይዋ አሁን ደውለው «ነገ እስከ 3 ሰዓት ተያዥና የሦስት ወር ቅድሚያ ካላመጣህ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሉኝ። እጄ ላይ ያለው የአንድ ወር ተኩል ነው። ተያዥ ደግሞ የለኝም።

የጀሞው፦ አጎትህን ይዘህ ሂድ። የሚጠየቀው እኮ ፊርማ ነው፣ ኩላሊት አይደለም።

ቀብድ የተበላ፦ እኔ ለደላላው ራሱ ነበር ተያዥ መጠየቅ የነበረብኝ። ሃሃሃ።

ጡረተኛው፦ የዛሬ ልጆች መቆጠብ አታውቁም። ስንት ዓመትህ ነው? ከእናት ቤት ለመውጣት ምን አስቸኮለህ?

ብሩኬ፦ ጋሼ፣ 18 ሞላኝ። ያደግኩት ማሳደጊያ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መውጣት አለብኝ። አጎትም የለኝ። ንብረቴ ስፖንጅ ፍራሽና ወጥ ቤት የሚሠሩት እትዬ የሰጡኝ እጀታው የተነቀለ ድስት ነው።

የጀሞው፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ አፌ ቀደመኝ።

ማሂ፦ እኔም ከማሳደጊያ ነው የወጣሁት። ቢሮ ሳይዘጋ ሂድና ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፍ። የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። የእኔ አከራይ ወረቀቱን ሦስቴ አገላብጠው፣ ደውለው ካጣሩ በኋላ ነው ያመኑኝ። ተያዥ የሆነኝ ከእኔ በፊት ከዚያው ወጥቶ ሥራ የያዘ ልጅ ነው። አንተም እንደዚያ ፈልግ። መቋቋሚያ ብር የሚሰጡ ከሆነ ሳታፍር ጠይቅ። የልደት ወረቀትህን እዚያ ትተህ እንዳትወጣ! እኔ ለእሱ ስመላለስ ጫማ ጨርሻለሁ።

ሕግ አዋቂ፦ ሦስት ወር ማስከፈል አይችሉም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም።

ቀብድ የተበላ፦ አዋጁን አንብብላቸውና ከነፍራሽህ ውጭ እደር። ይልቅ «እማማ፣ ያለችኝን ይያዙልኝ፣ ቀሪውን ደሞዝ ስቀበል» በላቸው።

ጡረተኛው፦ አላወቅኩም ልጄ። ቢሆንም ቆጥብ።

የጀሞው፦ አጎት ባይኖር የሥራ አለቃህን ይዘህ ሂድ።

ማሂ፦ ብሩኬ፣ ደብዳቤውን አገኘህ?

ማሂ፦ ኧረ ብሩኬ?

የጀሞው፦ 2፡30 ሆነ፣ ልጁ ጠፋ። ብሩኬ፣ ካየኸው ደውል፣ ስልኬን በውስጥ ልኬልሃለሁ። መታወቂያዬን ይዤ ጀሞ አደባባዩ ጋ ቆሜያለሁ።