ከሉቲኖ አባት አረንጓዴ ሴት ባጂ እንዴት ትወጣለች?

ባጂ (ትንሿን በቀቀን) የምታረቡ ሰዎች፣ ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። ወፎቹ አራት ኪሎ፣ በረንዳ ላይ ባለ ኬጅ ውስጥ ናቸው።

ጥንዶቹ ቀይ ዓይን ሉቲኖ (ሙሉ ቢጫ) ወንድ እና አረንጓዴ ሴት ናቸው። ሉቲኖ ከጾታ ጋር የሚወረስ ስለሆነ ሴት ጫጩቶች በሙሉ ሉቲኖ፣ ወንዶቹ በሙሉ አረንጓዴ ሆነው ሉቲኖን በውስጣቸው የሚሸከሙ መሆን ነበረባቸው። ከመጀመሪያው ዙር 3 ጫጩቶች ግን አንዷ አረንጓዴ 6 ወር ሲሞላት የአፍንጫ ቀዳዳዋ ያለበት ቆዳ ቡናማ ሆነ፤ ሴት ናት ማለት ነው። እናትየዋ ከመጣመሯ 10 ቀን በፊት ከሌሎች ወንዶች ጋር ነበረች። የቀድሞ ወንድ ዘር ውስጧ ቆይቶ ይሆን? ለብቻዋ ስንት ሳምንት ትቆይ?

ሁለተኛው የባሰ ነው። በሁለተኛው ዙር ከ5 እንቁላል 4ቱ በ7ኛው ቀን በባትሪ ሲታዩ ደም ስር ነበራቸው፤ በ18ኛው ቀን የተፈለፈለው 1 ብቻ ነው። 3ቱን ስከፍታቸው ጫጩቶቹ ሙሉ ናቸው፣ አስኳሉም ወደ ሆዳቸው ገብቷል፤ የውስጡ ስስ ሽፋን ግን እንደ ወረቀት ደርቆ ላያቸው ላይ ተጣብቋል። የአየሩ እርጥበት 32 በመቶ ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ እንቁላል ውሃውን ቶሎ ስለሚያጣ የበጋው ድርቀት ይመስለኛል። እርጥብ ስፖንጅ እንቁላሎቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ማስገባት ሻጋታ እንዳያመጣ እፈራለሁ። ከሳጥኑ ወለል በታች ልስራለት ወይስ እናትየዋ የምትታጠብበት ውሃ ይበቃል? እርጥበቱንስ ስንት ላድርሰው? የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ ሶስተኛው ዙር ተጀምሯል፤ ዛሬ 2 እንቁላል አለ።